ኳስ ያቆመ አጥቂ

አንድ አጥቂ ኳስ ያቆመው መቼ ነው? ላይ ላዩን ሲታይ ጥያቄው ሐተታ የሚያስፈልገው አይደለም። የመጨረሻ ጨዋታ ይኖራል፤ ለሌላ ልጅ የተሰጠ የማልያ ቁጥር ይኖራል፤ «ጫማውን ሰቀለ» ተብሎ በሬዲዮ የተነገረበት ቀን ይኖራል። ነገር ግን ይህንኑ ጥያቄ እዚሁ ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከቀትር በኋላ በሐይቁ ዳር ዛፎች ሥር ቡና ይዘው ለተቀመጡ ሰዎች ጣል ቢያደርጉት መዝገብ የሚጠቅስ አይገኝም። አንዱ «ጉልበቱ የከዳው ቀን» ይላል። ሌላው «አሰልጣኙ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ያስቀመጠው ቀን» ይላል። ሦስተኛው፣ ወሬ ማሳረግ የሚወደው፣ «አጥቂማ አያቆምም፤ እሱ ቢያቆም ጎሉ ይጫወትለታል» ብሎ ሲኒውን ያስቀምጣል። ሦስቱን መልሶች ብዙ ጊዜ አገላብጫቸዋለሁ። ሁሉም ጥቂት እውነት አላቸው፤ ሁሉም ግን አንድ ነገር ሳይጠይቁ ያልፋሉ። ቆመ የምንለው ነገር ምን ነበር? ሲሄድ ምን እንደሆነ ያላወቅነውን ነገር መቆሙን በምን እናውቃለን?

ሐሳቡ መሬት እንዲይዝ አንድ ሰው ላንሣ። መንግሥቱ ወርቁ ከጣና ወዲያ ማዶ፣ ከጎንደር ምድር የተገኘ የቅዱስ ጊዮርጊስና የብሔራዊ ቡድን አጥቂ ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ የዛሬዋን ግብፅ፣ የያኔዋን የተባበረች ዐረብ ሪፐብሊክ፣ 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ የመጨረሻዋን ጎል ያገባው እሱ ነበር። ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ ተመርታ ሁለት ጊዜ አቻ ሆናለች። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛዋን አገባ፤ ጨዋታው ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ያህል ሲቀረው መንግሥቱ አራተኛዋን ጨመረ። በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያ ላይ ሁለት አግብቶ ስለነበር በሦስት ጎል ከግብፁ ባደዊ ጋር የውድድሩን ኮከብ ጎል አግቢነት ተጋራ። በአፍሪካ ዋንጫ ያገባቸው ጎሎች በጠቅላላው 10 ናቸው። በ2003 ዓ.ም. ታኅሣሥ ውስጥ አረፈ። በሁለቱ ቀኖች መካከል፣ ከአራተኛዋ ጎል እስከ ዕረፍቱ፣ ወደ ግማሽ ምዕት ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አለ። በዚያ ዘመን ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ይህ ሰው አጥቂ መሆኑ ቀርቷል። የት ቦታ?

አጥቂ ማለት ጎል የሚያገባ ሰው ነው ብለን እንጀምር። ሕፃን የሚሰጠው ፍቺ ነው፤ እንዲህ ያለው ፍቺ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአዋቂው ይሻላል። ይሁን እንጂ ኳስ ከእግር ተነሥታ መረብ እስክትነካ ቢፈጅባት አንድ ወይም ሁለት ሰከንድ ነው። በዚህ ሒሳብ መንግሥቱ በአፍሪካ ዋንጫ መድረክ ሁሉ አጥቂ የነበረው ግማሽ ደቂቃ ለማይሞላ ጊዜ ነው። በቀረው ሰዓት፣ ተከላካይ ጀርባው ላይ ተለጥፎበት ሲባዝን፣ ያልመጣችለትን ኳስ ለመቀበል ሲሮጥ፣ ተመልሶ ሲቆም፣ ምን ልንለው ነው? ይባስ ብሎ፣ አርስቶትል እንዳለው ቤት መሥራት ቤቱ ባለቀበት ቅጽበት የሚያከትም ድርጊት ነው፤ ጎል ማግባትም ጎሉ በገባበት ቅጽበት ያከትማል። እንግዲህ መንግሥቱ አሥር ጊዜ አጥቂ ሆኖ አሥር ጊዜ ኳስ አቁሟል ልንል ነው። ይህን የሚቀበል ደጋፊ አላውቅም። እኔም አልቀበለውም፤ ግን ስሕተቱ ፍሬ አለው። ጎል የአጥቂው ሥራ ማብቂያ እንጂ ሥራው ራሱ እንዳልሆነ ያሳየናል።

እንግዲያው ፍቺውን እናርመው፦ አጥቂ ማለት ማግባት የሚችል ነው። ያግባም አያግባ ችሎታው እስካለ ድረስ አጥቂ ነው፤ ችሎታው ሲያልቅ አቆመ። «ጉልበቱ የከዳው ቀን» ያለው ሰው በልቡ የያዘው ይህን ነው። የዚህ ፍቺ ፈተና ሌላ ጥር 13 ላይ ይገኛል። በ2005 ዓ.ም. በዚያው ዕለት፣ ልክ 51 ዓመት ቆይቶ፣ ኢትዮጵያ ደቡብ አፍሪካ ኔልስፕሩት ላይ ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር ገጠመች። በመጀመሪያው አጋማሽ ፍጹም ቅጣት ምት አገኘች፤ ሳላዲን ሰይድ መታ፤ በረኛው መለሰበት። ዛምቢያ ቀድማ አገባች። በ65ኛው ደቂቃ አዳነ ግርማ አቻ አደረገ፤ ያቺ ጎል ከ1968 ዓ.ም. ወዲህ ኢትዮጵያ በአፍሪካ ዋንጫ ያገባቻት የመጀመሪያዋ ነበረች። ሁለቱ ሰዎች ከጥቂት ወራት በፊት በማጣሪያው ሱዳን 2 ለ 0 ስትሸነፍ አንድ አንድ ያገቡ ናቸው። ታዲያ ሳላዲን ያቺን ምት ሲመታ ችሎታው ነበረው ወይስ አልነበረውም? ነበረው ካልን፣ ችሎታ ኖሮም ጎል ላይገባ ይችላልና ከጎል ጋር ያለው ዝምድና እንዳሰብነው የቅርብ አይደለም። አልነበረውም ካልን ደግሞ ችሎታ በአንድ ከሰዓት በኋላ ውስጥ የሚመጣና የሚሄድ ነገር ይሆናል፤ የሚመጣና የሚሄድ ነገር ደግሞ በአንድ ቁርጥ ቀን አበቃ ሊባል አይችልም። ችሎታን ማንም አይቶት አያውቅም፤ የምናየው ሁልጊዜ የተደረገውን ብቻ ነው። ከተደረገው ተነሥተን ወደ ኋላ «ነበረው» እንላለን፤ ሳይደረግ ሲቀር «አልቆበታል» እንላለን። የማይታይ ነገር መቼ እንዳለቀ ለመናገር መድፈራችን ይገርመኛል።

ችሎታውን ትተን እውቀቱን ብንይዝስ? ጉልበት ይከዳል፤ እውቀት ግን ከዕድሜ ጋር ይጠራል ይባላል። እዚህ ላይ የመንግሥቱ ታሪክ ራሱ ከባድ ነገር ያቀርብልናል። በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ ላይ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ የኢትዮጵያ አሰልጣኝ እሱ ነበር። በናይጄሪያ 3 ለ 0፣ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸነፈ፤ ከአልጄሪያ ጋር 0 ለ 0 ተለያየ። በሦስት ጨዋታ አንድም ጎል የለም። ለወቀሳ አይደለም የማነሣው፤ ናይጄሪያ የዋንጫው ባለቤት ነበረች፣ አልጄሪያም በዚያው ክረምት በዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 ያሸነፈችው አልጄሪያ ናት። እኔን የሚይዘኝ ሌላ ነገር ነው። በዚህ ዋንጫ አሥር ጊዜ ያገባ ሰው ከመስመሩ አንድ እርምጃ ወዲህ ቆሟል። የሚያውቀው ሁሉ አብሮት አለ። በረኛው የቱ ጋ ክፍተት እንደተወ፣ ተከላካዩ በየትኛው እግሩ እንደከበደ፣ ምናልባት ተጫዋቾቹ ከሚያዩት አስቀድሞ አይቶታል። መንገር ይችላል፤ መጮህ ይችላል፤ በዕረፍት ሰዓት በኖራ ሰሌዳ ላይ መሣል ይችላል። ከእነዚህ አንዱም ወደ ጎል አልተለወጠም። እውቀቱ ቀርቶ አጥቂነቱ ከሄደ፣ አጥቂነት እውቀቱ አልነበረም ማለት ነው። ከመስመሩ ወዲህና ወዲያ ያለው ልዩነት የአንድ እርምጃ ነው፤ የነገሩ ምስጢር ግን በዚያች እርምጃ ውስጥ የተደበቀ ይመስለኛል።

ባሕር ዳር ውስጥ እሑድ ጠዋት የጤና ቡድን ሲጫወት ቆሞ ያየ ሰው ምስጢሩን በጨረፍታ ሊያገኘው ይችላል። ሜዳው አቧራ ነው፤ ጎሉ ሁለት ድንጋይ ነው፤ ከተጫዋቾቹ ግማሹ ቦርጩን ለማቅለል የመጣ ባለሥራ፣ ግማሹ ቁጥር ለማሟላት የተለመነ የሰፈር ልጅ ነው። አንዱን ሰው ብቻ እንከተል። ዕድሜው ሃምሳን የዘለለ፣ በወጣትነቱ ለከተማው ቡድኖች በአጥቂነት የተሰለፈ ነው። አይሮጥም። ኳሷ ገና መሐል ሜዳ ሳለች ከተከላካዩ ጀርባ ሁለት እርምጃ ያፈገፍጋል፤ ተከላካዩ ዞሮ ሲፈልገው በሌላው ትከሻ በኩል ይወጣል። ቦታው ትክክል ነው። ከዚያች ቦታ በቴስታ መንካት ብቻ ይበቃል። እጁን እስከ ደረቱ ያነሣል። ኳሷን የያዘው ልጅ ቀና ይላል፣ ሰውየውን ያያል፣ ዓይኑ ሳይቆም ያልፈውና በማዶ ክንፍ ወደሚበርረው የዕድሜ እኩያው ይሄዳል፤ ኳሷም ዓይኑን ተከትላ ትሄዳለች። ሰውየው ያነሣውን እጅ በዚያው ወደ ግንባሩ ወስዶ ላቡን ይጠርጋል። ላብ አልነበረውም።

እዚያ ልጅ ዓይን ላይ ነው ፍቺው ያለው ባይ ነኝ። አጥቂ ማለት ኳስ የያዘ ሰው ቀና ሲል አስቀድሞ የሚፈልገው ሰው ነው። ጎል ያገባል አያገባም ሌላ ጉዳይ፤ ችሎታው አለ የለም በኋላ የሚታይ ጉዳይ፤ እሱን እሱ የሚያደርገው ግን በአሥር ሰዎች ሐሳብ ውስጥ የመጀመሪያው አድራሻ መሆኑ ነው። ከዚህ አንጻር ሲታይ፣ ያልመጣችለትን ኳስ ለመቀበል የሚሮጠው ሩጫ ብክነት አይደለም፤ ተፈላጊነቱን የሚያድስበት ሥራ ነው። የሊቢያው ነገርም ይፈታል። ሜዳ ዳር የቆመው መንግሥቱ እውቀቱም ስሙም ክብሩም ሳይጎድል፣ ኳስ ይዞ ቀና የሚል አንድም ተጫዋች ሊፈልገው የማይችል ብቸኛ ኢትዮጵያዊ ጎል አግቢ ነበር። ይድነቃቸው ተሰማንም እንዲሁ ማሰብ ይቻላል፤ ለቅዱስ ጊዮርጊስ 318 ጎል እንዳገባ የሚነገርለት አጥቂ በኋላ ከ1964 እስከ 1979 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መርቷል። በዚያ ወንበር ላይ የብዙ አገር ዓይን ወደ እሱ ይመለከት ነበር፤ የሚፈለገው ግን ለሌላ ነገር ነበርና አጥቂነቱን ዛሬ የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ፍቺውን ራቅ ባለ አገር ብንፈትነው ይጸናል? ቼካዊው ያን ኮለር ለብሔራዊ ቡድኑ በ91 ጨዋታ 55 ጎል አግብቶ ያቆመ አጥቂ ነው፤ ቁመቱ ከሁለት ሜትር ያለፈ፣ በልጅነቱ ግን በረኝነት የተማረ ሰው ነው። በአውሮፓውያን 2002 ኅዳር ውስጥ ቦሩሲያ ዶርትሙንድ ሙኒክ ላይ ከባየርን ጋር ሲጫወት የቡድኑን ጎል አገባ። በኋላ በረኛው የንስ ሌማን በቀይ ካርድ ወጣ፤ ኮለር ጓንት አጥልቆ ጎል ውስጥ ገባ፤ ቡድኑ 2 ለ 1 ተሸንፎ ቢወጣም እሱ ከገባ በኋላ ጎል አልተቆጠረም። ሰውየው ያው ነው፤ እግሩ፣ ቁመቱ፣ ጭንቅላቱ ሁሉ ያው ነው። ሆኖም በእነዚያ ደቂቃዎች ኳስ ይዞ ቀና ያለ የዶርትሙንድ ተጫዋች ኮለርን ፊት ለፊት አይፈልገውም ነበር። ለጥቂት ደቂቃ አጥቂነቱን አቁሞ በሚቀጥለው ጨዋታ ተመለሰበት። ማቆም እንዲህ ሊመለሱበት የሚቻል ነገር ከሆነ፣ በሰውነት ውስጥ የሚሰበር ዕቃ አይደለም።

ተቃውሞ ይነሣል፤ መነሣቱም ተገቢ ነው። «አጥቂነትን በሌሎች ዓይን ላይ ሰቅለህ ለሰውየው ምን ተውክለት? ልፋቱ፣ የብቻ ልምምዱ፣ ስብራቱ የእሱ አይደለም?» ተቃውሞው ያመኛል፤ ሙሉ በሙሉም የምመልሰው አይመስለኝም። ልፋቱ የእሱ ነው። ዓይኑን የሚያመጣው ልፋቱ መሆኑም እርግጥ ነው፤ ማንም በነጻ አይፈለግም። ግን የሚያመጣው ሰው የሚያስቀረው ላይሆን ይችላል። ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ከሜዳ መውጣት ካለብን ጣና ቅርብ ነው። ዐፄ ኢያሱ አድያም ሰገድ፣ የጎንደር ንጉሥ፣ የሚወዳት ሴት ከሞተችበት በኋላ መንግሥቱን ትቶ ወደ ሐይቁ ደሴት ገባ። ልጁ ተክለ ሃይማኖት ነገሠ። ኢያሱ በራሱ በኩል አቁሟል፤ ዘውድ የለም፣ ዙፋን የለም፣ ዙሪያው ውሃ ነው። ያላቆመው የሌሎች ዓይን ነበር። መኳንንቱም ሕዝቡም ቀና ሲሉ አሁንም ወደ ደሴቱ ሊያዩ ይችላሉ፤ አዲሱ ንጉሥ እንቅልፍ ያጣው በዚህ ይመስለኛል። በአውሮፓውያን 1706 በታንኳ የተሳፈሩ ገዳዮች ደሴቱ ላይ ደረሱ። የደም ነገርና የኳስ ነገር አንድ ሚዛን ላይ እንደማይወጣ አውቃለሁ። ነገር ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያቸው አንድ ነገር ይታየኛል፦ ኢያሱ ማቆም ፈልጎ ዓይኖቹ አላቆሙለትም፤ የእሑዱ ሰውዬ ማቆም ሳይፈልግ ዓይኖቹ አቆሙበት። የሁለቱም ፍጻሜ በእጃቸው አልነበረም።

የሦስተኛው ቡና ጠጪ መልስ ገና አልተነካም። «ጎሉ ይጫወትለታል።» ደስ የሚል አባባል ነው፤ ሲያስቡት ግን ሸክሙን አይሸከምም። የ1954ቱን ፍጻሜ ተመልከቱ። ጨዋታው ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው 2 ለ 2 ያደረገው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው፤ ያቺ ጎል ባትኖር የኢታሎም የመንግሥቱም ጎል ባልተወለደች ነበር። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው እሱ ነው። ከአብዮቱ በኋላ አገሩን ጥሎ ጣሊያን ገባ፤ እዚያው ኖሮ እዚያው ሞተ። ጎሏ እዚህ ቀረች። እኛ ስናወራት ሉቺያኖን አላጫወተችውም፤ አልተጠራባትም፣ አልተፈለገባትም። የገባች ጎል ማንም ሊሽራት አይችልም፤ ባለቤቷም ቢሆን። በዚያው ልክ ማንም ከእሷ ምንም አይጠብቅም። ተፈጽማለች፤ የተፈጸመ ነገር አይጠበቅም። አጥቂ ደግሞ የሚጠበቅ ሰው ነው። እንግዲህ ጎል የአጥቂው ሆና የምትኖረው ከመግባቷ በፊት ነው፤ ከገባች በኋላ የሰሚው ሁሉ ናት። እኔ በዚያ ቀን አልነበርኩም፤ ግን አራተኛዋን ጎል ስተርካት ከመንግሥቱ ያነሰ መብት እንዳለኝ ሆኖ አይሰማኝም። ይህ ድፍረት ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ሳላለያይ ቆይቻለሁ። ዓይን ስል የማንን ዓይን? ሰኔ 2007 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በባሕር ዳር ስታዲየም ሌሶቶን 2 ለ 1 ስታሸንፍ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ተመልካች ነበር፤ ያ ሁሉ ሰው አጥቂውን ያያል፣ ስሙን ይጠራል፣ ኳስ ሲደርሰው ይነሣል። የዚህ ሁሉ ሕዝብ ዓይን ግን የአንዱን የመሐል ተጫዋች ዓይን አይተካም። ተመልካች የሚያየው ያለፈውን ነው፤ ባለፈው ዓመት ያገባውን፣ በሬዲዮ የሰማውን ይዞ ይመጣል፤ ስለዚህም ዘግይቶ ይማራል። ኳስ የያዘው ልጅ የሚያየው የሚቀጥለውን ሰከንድ ነው፤ እሱ ቀድሞ ያውቃል። በሁለቱ ዓይኖች መካከል ክፍተት አለ፤ አንዳንዴ የወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚረዝም። በዚያ ክፍተት ውስጥ አጥቂው በየሳምንቱ ይሰለፋል፣ ስሙ ይዘመራል፣ አልፎ አልፎም ያገባል፤ ጓደኞቹ ግን ቀና ሲሉ መጀመሪያ ሌላ ሰው እየፈለጉ ነው። እሱም ይህን ያውቃል። አሰልጣኙ ገና ወንበር ላይ አላስቀመጠውም፤ ጉልበቱም ገና አልከዳውም። ስለዚህ ዘመን የሚጽፍ ጋዜጣ የለም፤ አጥቂው ራሱም ለሰው አያወራውም፤ ምክንያቱም ቢያወራው ተመልካቹም ቀድሞ ይማራል።

መንግሥቱ ወርቁ በሕይወት ቢኖርና አንድ ነገር ብቻ እንድጠይቀው ቢፈቀድልኝ ስለ አራተኛዋ ጎል አልጠይቀውም ነበር፤ ስለ እሷ ሲጠየቅ ነው የኖረው፤ መልሱንም ከእኛ የበለጠ አያውቀውም። የምጠይቀው፣ ኳሷን የያዘው ልጅ ቀና ብሎ አይቶት ወደ ሌላ ያሳለፋት የመጀመሪያዋ ጨዋታ የትኛዋ እንደነበረች፣ በማን ሜዳ ላይ እንደሆነ፣ በዚያ ቀን ከተመልካቹ ውስጥ ያወቀበት ሰው እንደነበረ ነው።